ፌዲቨርስ ለአዲስ ገቢዎች፦ አካውንት ከመክፈታችን በፊት ቤቱን ማን እንደሚጠብቀው እንጠይቅ

አንባቢው — ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በቅርቡ አራት የማውቃቸው ሰዎች ስለ ማስቶዶን ጠይቀውኛል፤ አራቱም አካውንት ከፍተው፣ ባዶ ገጽ አይተው፣ ሳምንት ሳይሞላቸው ትተውት ወጥተዋል። ለእያንዳንዳቸው በስልክ ያስረዳሁትን አንድ ቦታ በጽሑፍ ማስቀመጡ ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ይህን ክር ከፍቻለሁ። እኔ ከ2018 ጀምሮ ተጠቃሚ ነኝ እንጂ የሰርቨር (አገልግሎቱ የሚሠራበት ኮምፒውተር) አስተዳዳሪ አይደለሁም፤ ስለዚህ በአሠራሩ ላይ የሳትኩት ካለ የሚያውቁ እንዲያርሙኝ እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ ልጀምር። ማስቶዶን የአንድ ድረ ገጽ ስም ሳይሆን፣ አጫጭር ጽሑፎች የሚለጠፉበት የማኅበራዊ መገናኛ ሶፍትዌር ስም ነው። በጀርመን የሚኖረው ኦይገን ሮችኮ በ2016 ለሕዝብ ያቀረበው ሲሆን፣ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው ወይም ማኅበር በራሱ ሰርቨር ላይ ጭኖ ሊያስተዳድረው ይችላል። በየአገሩ የሚሠሩት በሺህ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች አክቲቪቲፐብ በሚባል የጋራ ደንብ መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ይህን ደንብ የድርን ደረጃዎች የሚያወጣው ዳብልዩ ስሪ ሲ በጃንዋሪ 2018 አጽድቆታል። የጂሜይል ተጠቃሚ ለያሁ ተጠቃሚ ለመጻፍ ሁለቱ ኩባንያዎች አንድ መሆን እንደማያስፈልጋቸው ሁሉ፣ እዚህም በአንዱ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው በሌላው ላይ ያለውን ይከተላል፣ ይመልስለታል፣ የጻፈውንም ያጋራለታል። የአድራሻው አጻጻፍም ይህንኑ ያሳያል፤ መጀመሪያ የሰውየው ስም፣ ቀጥሎ የሰርቨሩ ስም ይመጣል። በዚህ ደንብ የሚነጋገረው ማስቶዶን ብቻ አይደለም። ለፎቶግራፍ ፒክስልፌድ፣ ለቪዲዮ ፒርቲዩብ፣ በርእስ ለተከፋፈለ ውይይት ሌሚ አለ፤ ሁሉም በአንድነት ፌዲቨርስ ይባላሉ። እኔ ከማስቶዶን ገጼ ሳልወጣ አንድን የፒርቲዩብ ቻናል እከተላለሁ፤ የምጽፈው ምላሽም ከቪዲዮው ሥር አስተያየት ሆኖ ይወጣል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሲነገር ብዙም ያልሰማሁት አንድ ጥቅም አለው። ኤክስ፣ ማለትም የቀድሞው ትዊተር፣ ለማይከፍል ተጠቃሚ 280 ምልክት ይፈቅዳል ቢባልም፣ የግዕዝን ፊደል አንዱን እንደ ሁለት ስለሚቆጥረው ለእኛ የሚደርሰን 140 ብቻ ነው። ማስቶዶን ፊደልን ሁሉ እኩል ቆጥሮ 500 ይሰጣል። አንድ የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ 500 ፊደል ደህና አንቀጽ ይወጣዋል፤ ሐሳብን ቆራርጦ ‹ይቀጥላል› እያሉ መጻፍ አያስፈልግም።

ትልቁ ልዩነት ግን ማን ምን እንደሚያይ የሚወሰንበት መንገድ ነው። በዋናው ገጼ ላይ የሚወጣው የምከተላቸው ሰዎች የጻፉትና ያጋሩት ነው፤ አዲሱ ከላይ፣ የቆየው ከታች ሆኖ ይደረደራል። የኮከቡን ምልክት ብነካ ጸሐፊው መውደዴን ያውቃል እንጂ ጽሑፉ በተከታዮቼ ዋና ገጽ ላይ አይወጣም፤ እንዲደርስ ከፈለግሁ ‹ቡስት› የሚባለውን ተጭኜ ለተከታዮቼ ማሳለፍ አለብኝ። ቁጣ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ እዚህም ይጻፋል፤ ሰዎች በእጃቸው ካላሳለፉት በስተቀር ግን ከኋላ ሆኖ ወደ ዋናው ገጽ የሚገፋው ማሽን የለም። ሮችኮ የሌላውን ጽሑፍ ጠቅሶ ከላይ አስተያየት መጨመሪያውን ለብዙ ዓመታት ሳያስገባ የቆየውም ሰውን በአደባባይ ለማዋረድ ይውላል በሚል ስጋት ነበር። በ2025 ሲገባም፣ ማን ሊጠቅሰው እንደሚችል የሚወስነው ጸሐፊው ራሱ እንዲሆን ተደርጎ ነው የገባው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አዲስ ገቢ ሲመዘገብ ‹ሰርቨር ምረጥ› ይባላል፤ ብዙዎች ግራ የሚጋቡትም እዚህ ላይ ነው። የእኔ ምክር ‹ስለ እኛ› የሚለውን ገጽ ከፍቶ ይህን ቤት የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ጠባቂው ቢታመም ወይም ቢደክመው ማን እንደሚተካው መፈለግ ነው። ነገሩን እንደ እድር ማየት ይቻላል። እያንዳንዱ እድር የራሱ መተዳደሪያ ደንብና የራሱ ሰብሳቢ አለው፤ ነገር ግን የአንዱ አባል የሌላው አባል ሲያዝን ሄዶ እንዳይደርስ የሚከለክለው የለም።

አዲስ ገቢ — ሐዋሳ

አንባቢው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአራቱ አንዷ አይደለሁም፤ የደረሰብኝ ግን ያው ነው። አንድ ትንሽ ሰርቨር ላይ ተመዝግቤ ‹ኢትዮጵያ› ብዬ ስፈልግ ስድስት ጽሑፍ ብቻ ወጣልኝ፤ ከስድስቱ አራቱ ስለ ቡና ሽያጭ ናቸው። በሌላ ሰርቨር ላይ ያለች ጓደኛዬን ገጽ ስከፍት ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጽፍ የኖረች ሴት አንድም ቃል እንዳልጻፈች ሆና ታየችኝ። በእርግጥ ሰው የለም ወይስ እኔ ማየት አልቻልኩም? ሌላው ጥያቄዬ፣ በ2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ለአምስት ወራት ያህል በተዘጉበት ጊዜ ይህ ይሠራ ነበር ወይ?

አንባቢው — ሲልቨር ስፕሪንግ

ውድ አዲስ ገቢ፣ ሰው አለ፤ ያላየችው የእርስዎ ሰርቨር ናት። መላውን ፌዲቨርስ የሚያውቅ አንድም ሰርቨር የለም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው ወደ እርሱ የደረሰውን ብቻ ነው። አንድ አባል በሌላ ሰርቨር ላይ ያለን ሰው መከተል ሲጀምር፣ ያ ሰው ከዚያች ሰዓት ወዲህ የሚጽፈው መምጣት ይጀምራል፤ የቀደመው በአብዛኛው አይመጣም። ጓደኛዎን ከእርስዎ በፊት ከሰርቨርዎ ማንም አልተከተላት ይሆናል፤ የድሮ ጽሑፏን ለማንበብ ገጿን በራሷ ሰርቨር ላይ መክፈት ያስፈልጋል። ትልቅ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው መንገዱን ሌሎች ቀድመው ስለከፈቱለት ይህ ባዶነት አይታየውም። ትንሽ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳና አርባ ሰው ካልተከተለ ዝምታው አይሰበርም።

ፍለጋውም የለመዱት ዓይነት አይደለም። አንድ ጽሑፍ በውስጡ ባሉት ቃላት ተፈልጎ ለሁሉም እንዲገኝ ጸሐፊው አስቀድሞ መፍቀድ አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ፈቃድ አልሰጠም። ስለዚህ መገናኛችን ሃሽታግ ነው፤ ሃሽታግንም እንደ ሰው መከተል ይቻላል። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል የራሱን ችግር ያመጣል። ‹ፀሐይ› ብሎ የጻፈውን ‹ጸሃይ› ብሎ የፈለገ አያገኘውም፤ ‹ኢትዮጵያ› እና ‹ኢትዮጲያ› ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሰዎችን የአጻጻፍ ልማድ ገምቶ የሚያስተካክል አልጎሪዝም ስለሌለ፣ በአንድ አጻጻፍ መስማማት ወይም ሁለቱንም መጨመር የእኛ ድርሻ ነው። ክፍት ቦታም ሃሽታጉን ስለሚቆርጠው ሁለት ቃል ሲሆን #የአማርኛ_ግጥም ብለን በሥረኛው ሰረዝ እናያይዘዋለን። ሲጽፉም ከቋንቋው ዝርዝር ‹አማርኛ› የሚለውን ይምረጡ፤ በቋንቋ ለይተው የሚያነቡ ሰዎች የሚያገኙዎት በዚያ ነው።

ስለ መዘጋቱ የጠየቁት ብርቱ ጥያቄ ስለሆነ ሳላስጌጥ ልመልስልዎ። በ2023 የተዘጉት በስም የተለዩ አገልግሎቶች ነበሩ፤ ማንኛውም የማስቶዶን ሰርቨርም በዶሜይን ስሙ፣ ማለትም በኢንተርኔት አድራሻው፣ ተለይቶ ሊዘጋ ይችላል። በእርግጥ አንዱ ቢዘጋ ሌሎቹ ይቀራሉ። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በትግራይ ለረጅም ጊዜ እንደሆነው መስመሩ ራሱ ሲቋረጥ ግን የትኛውም መድረክ አይሠራም። ይህን ከመዘጋት የሚያድን መሣሪያ አድርጎ የሚያቀርብልዎ ሰው ካለ አይስሙት።

ቤት ጠባቂ — ሽቱትጋርት

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሦስት መቶ የማይሞሉ አባላት ያሉበትን ሰርቨር አስተዳድራለሁ። አንባቢው የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ ከውስጥ የሚታየውን ልጨምር።

ወጪያችን በዋናነት ከአባላቱ ብዛት የሚመጣ አይደለም። አባሎቻችን የሚከተሏቸው ሰዎች የሚለጥፉት ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ ቅጂው ወደ እኛ ስለሚመጣ፣ በየጥቂት ቀኑ ካልጠረግነው ዲስኩ ይሞላል። ይህ በገንዘብና በትንሽ ትጋት ይፈታል። እንቅልፍ የሚነሳን የአቤቱታው ሥራ ነው። አንድ አባል ከሌላ ሰርቨር የመጣ ስድብ ወይም ዛቻ ሲያይ ሪፖርቱ በመጀመሪያ የሚደርሰው ለእኛ ነው፤ ከፈለገም ቅጂው ለዚያኛው ሰርቨር አስተዳዳሪ ይላካል። እኛም አንድን ሰው ማገድ፣ ወይም የመጣበትን ሰርቨር ከሕዝብ ገጾች መሰወር፣ ወይም ከዚያ ሰርቨር ጋር ያለንን ግንኙነት ፈጽሞ መቁረጥ እንችላለን። የመጨረሻው ከባድ ውሳኔ ነው፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው መከተል ሁሉ ይቋረጣልና፣ ምንም ያላጠፉ ወዳጆችም ይለያያሉ። አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ ግን አለ። ጋብ የተባለው የአሜሪካ ቀኝ ጽንፈኞች መድረክ በ2019 የማስቶዶንን ኮድ ወስዶ ወደ ፌዲቨርስ ሲገባ፣ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ሊከለክለው አልቻለም፤ ነገር ግን እጅግ ብዙ ሰርቨሮች በየራሳቸው በራቸውን ዘጉበት። ማእከላዊ ትእዛዝ የሰጠ አካል አልነበረም።

ባለፈው ዓመት የሆነብንን ልንገራችሁ። አማርኛ የማይችል አንድ ሰው ጽሑፍን በማሽን ተርጉሞ ‹ሕፃናትን ስለ መብላት የተጻፈ አስጸያፊ ነገር› ብሎ ሪፖርት አደረገ። ጸሐፊዋ የጻፈችው ‹አንጀት የሚበሉ ሕፃናት› ብላ ነበር፤ ስለ ተፈናቀሉ ልጆች እያዘነች ነው። አማርኛ የማነበው እኔ ብቻ ስለሆንኩና በዚያ ሳምንት በሥራ ምክንያት ሩቅ ስለነበርኩ ጓደኞቼ ጽሑፏን ለአራት ቀናት ሰወሩት። ይቅርታ ጠይቀናታል፤ እርሷ ግን ወጥታ ሄደች። የተገላቢጦሹም አለ፤ በአማርኛ ሲነበብ መርዝ የሆነ አነጋገር በማሽን ሲተረጎም የዋህ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ አንባቢው በዘረዘሩት ላይ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ በምትጽፉበት ቋንቋ የሚያነብ ጠባቂ በቤቱ አለ ወይ?

የእድር ጸሐፊ — ጉለሌ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ሁሉ በጥሞና አነበብኩት። በሰፈራችን እድር ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት በጸሐፊነት አገልግያለሁና አንባቢው ያመጣውን ምሳሌ ሳላርም ማለፍ አልችልም።

እድር መዝገብ አለው። ገንዘብ ያዡ የሰበሰበውንና ያወጣውን በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ያነባል፤ ተቆጣጣሪ ይመረምረዋል። ሰብሳቢው ቢያጠፋ አባላቱ አውርደው ሌላ ይመርጣሉ፤ በቃኝ ብሎ ቢሄድም ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የአባላቱ ስለሆነ የትም አይሄድም። እናንተ የምትነግሩኝ ሰርቨር ግን ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ እርሱ ሲዘጋው ሦስት መቶ ሰው ደጅ ይቀራል። ይህ እድር አይባልም፤ ደግ ባለቤት ባለበት ግቢ ውስጥ ክፍል እንደ መከራየት ነው። ደግነቱን አላጣጥልም። ደግነት ግን መተዳደሪያ ደንብ አይሆንም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች የተሻሉ ናቸው ማለቴም እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ጥላቻና ግድያን የሚጠሩ ጽሑፎች በፌስቡክ ላይ እንዲሰራጩ አድርጓል በሚል በባለቤቱ ኩባንያ በሜታ ላይ በዲሴምበር 2022 በናይሮቢ ክስ ተመሥርቷል፤ በኤፕሪል 2025ም የኬንያው ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ከሳሾቹ ከጠየቁት አንዱ በቋንቋችን የሚያነብ በቂ ሰው ይቀጠር የሚል ነው። ቤት ጠባቂ ስለ አራቱ ቀናት የጻፈውን ሳነብ ያ ክስ ትዝ አለኝ። ትልቁ ቤት አቅም ኖሮት አላነበበንም፤ ትንሹ ቤት ሊያነበን ፈልጎ ሰው አጣ። ስለዚህ ወደ ፌዲቨርስ እንሂድ የምትሉ ከሆነ ደንብ ያለው ማኅበር አቋቁማችሁ፣ ቁልፉን ለሦስት ሰው ሰጥታችሁ፣ መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ እላለሁ።

ቤት ጠባቂ — ሽቱትጋርት

ጋሼ፣ እርማትዎን በደስታ እቀበላለሁ፤ እርስዎ የሚሉት ዓይነት ቤት መኖሩንም ልንገርዎ። ሶሻል ዶት ኮፕ የሚባለው ከ2017 ጀምሮ በኅብረት ሥራ ማኅበርነት የሚተዳደር የማስቶዶን ሰርቨር ነው፤ አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፣ በደንቡ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ሒሳቡም ለማንም ክፍት ነው። ሮችኮም ቢሆን ማስቶዶንን በራሱ እጅ አላስቀረውም፤ በጃንዋሪ 2025 ባለቤትነቱ በአውሮፓ ወደሚቋቋም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እንደሚዛወር ተገልጿል። ከእኛው ወገን ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ በ2021 የመሠረተችው ዴር የተባለው የምርምር ተቋም የራሱን የማስቶዶን ሰርቨር ከፍቷል። የእኛ ሰርቨር ግን ገና እርስዎ የገለጹት ግቢ ነው። ቁልፉን ለሁለቱ ጓደኞቼ ሙሉ በሙሉ ያካፈልኩት ራሱ ባለፈው ዓመት ነው።

ሁለት ጊዜ የተዛወረች — ነታንያ

የጋሼ ጸሐፊ ነገር በእኔ ላይ ስለደረሰ ልናገር። የመጀመሪያው ሰርቨሬ አስተዳዳሪ አንድ ቀን ‹ደክሞኛል፤ ከሦስት ወር በኋላ እዘጋለሁ› ብሎ ጻፈ። ማስጠንቀቂያው በቂ ነበር፤ ስለዚህ መዛወርን የተማርኩት በሰላም ነው። በአዲሱ ሰርቨር ላይ አካውንት ይከፈታል፤ የድሮው አካውንት የእኔ እንደሆነ በዚያ ይመዘገባል፤ ከዚያ በድሮው ላይ ሆኖ መዛወሩ ይታዘዛል። ተከታዮቼ በራሳቸው ተከትለውኝ መጡ። እኔ የምከተላቸውንና ያገድኳቸውን ሰዎች ዝርዝር በፋይል አውርጄ በአዲሱ ላይ ጫንኩት። የጻፍኩት ግን አልመጣም። ጽሑፍ እንደማይዛወር፣ የሚወርደውም ለማስታወሻ ብቻ እንደሆነ ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ሁለተኛው ሰርቨር ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፋ። ጠዋት ስነሣ አልነበረም። መዛወር የሚቻለው የድሮው ቤት በሕይወት እያለ ብቻ ስለሆነ ተከታዮቼን ይዤ መውጣት አልቻልኩም፤ የእናቴን የጎንደር ትዝታ እያስነገርኳት በየሳምንቱ ስጽፈው የነበረው ሁሉ አብሮ ሄደ። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየችም፤ እንደገና ማስነገር አልተቻለኝም።

የአስተዳዳሪው ጥፋት ነው ብዬ ብቻ አልናገርም፤ ቤት የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። በፌብሩዋሪ 2024 በአፍጋኒስታን የአገር መለያ ዶሜይን የተመዘገበ አንድ ሰርቨር በታሊባን አስተዳደር ሥር ያለው መሥሪያ ቤት ስሙን ስለሰረዘበት ጠፍቷል። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላም የከፈተውን ሰርቨር በዲሴምበር 2024 ዘግቷል። እባካችሁ፣ በየወሩ መግቢያ የጽሑፋችሁን ማኅደር ከቅንብሩ ውስጥ አውርዱ፤ የምትከተሏቸውን ሰዎች ዝርዝርም እንዲሁ።

በጆሮ የሚያነብ — ባሕር ዳር

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ይህን ክር የሚያነብልኝ የስልኬ ድምፅ ነው። ስለ ማኅበረሰቡ ባህል እስካሁን ብዙም ስላልተነገረ ከእኔ ወገን ያለውን ልጻፍ።

በፌስቡክና በቴሌግራም ላይ አማርኛችን በአብዛኛው ሥዕል ሆኗል። የሐዘን መግለጫው፣ የጉባኤው ጥሪ፣ የበዓሉ መልካም ምኞት፣ የሥራ ማስታወቂያው ሳይቀር በፎቶ ላይ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ‹ምስል› የሚል አንድ ቃል ነው። የጓደኛዬን አባት ሞት ከቀብሩ በኋላ የሰማሁት በዚህ ምክንያት ነው። ማስቶዶን ላይ ስገባ ያስገረመኝ፣ ሰዎች ፎቶ ሲለጥፉ ከሥሩ መግለጫ ይጽፋሉ፤ የረሳ ሰው ሲኖርም ሌላው በትሕትና ያስታውሰዋል። መግለጫ የሌለውን ፎቶ አላጋራም የሚሉም ብዙ ናቸው። ይህን ያዘዘ ሕግ የለም፤ ቀድመው የገቡት ያቆዩት ልማድ ነው። አማርኛ ተናጋሪዎች ስትመጡ ከሁሉ በፊት ይህን ልማድ ያዙልኝ። የተጻፈበትን ሥዕል ስትለጥፉ ጽሑፉን በመግለጫው ቦታ ድገሙት፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ከላይ ቋንቋውን ‹አማርኛ› ብላችሁ ምረጡ መባሉም ለእኔ ትርጉም አለው፤ ድምፁ በየትኛው ቋንቋ ማንበብ እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው።

የይዘት ማስጠንቀቂያ የሚባለውም ሌላው ልማድ ነው፤ ርእሱ ብቻ ይታያል፣ የቀረውን አንባቢው ፈቅዶ ይከፍተዋል። የፊልም ፍጻሜን ለመሸፈን፣ የአደጋ ፎቶን ለመሸፈን መልካም ነው። ነገር ግን ጫፍ ሲያልፍ የሚጎዳ ነገር አለው። ኢሎን መስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ በኦክቶበር 2022 ከተረከበ በኋላ ብዙ ሕዝብ ወደ ማስቶዶን ሲፈልስ፣ ጥቁር አሜሪካውያን ስለደረሰባቸው ዘረኝነት ሲጽፉ ከነባሮቹ አንዳንዶቹ ‹ማስጠንቀቂያ አድርጉበት› እያሉ አስቸግረዋቸው ነበር። ብዙዎቹ ሕይወታችንን ደብቁ ተባልን ብለው ሄዱ፤ እውነት አላቸው። እኛም ስለ አገራችን ስንጽፍ ይህ ያጋጥመናል። የእኔ ልማድ የሞት ፎቶን መሸፈን፣ ሐዘንን ግን አለመሸፈን ነው።

አዲስ ገቢ — ሐዋሳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ የግል መልእክቱ በእርግጥ የግል ነው ወይ? ብሉስካይና ስሬድስ የሚባሉት መድረኮች ከዚህ በምን ይለያሉ?

አንባቢው — ሲልቨር ስፕሪንግ

የግል መልእክቱን እንደ ፖስት ካርድ ይቁጠሩት። በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ስላልሆነ የሁለቱም ሰርቨሮች አስተዳዳሪዎች ከፈለጉ ሊያነቡት ይችላሉ። ከዚህ የባሰ ሰውን የሚጥለው ግን ሌላ ነው፦ በሁለት ሰዎች የግል መልእክት ውስጥ የሦስተኛውን ሰው ሙሉ አድራሻ ከጻፉ መልእክቱ ለእርሱም ይደርሰዋል። ስለ አንድ ሰው ሲያወሩ አድራሻውን አይጻፉ። የሰረዙት ጽሑፍም ከሌሎች ሰርቨሮች እንዲጠፋ ጥያቄ ይላካል እንጂ መጥፋቱን የሚያረጋግጥልዎ የለም።

ስሬድስ የሜታ ነው፤ በጁላይ 2023 ወጥቶ ከ2024 ጀምሮ የፈለገ ተጠቃሚ ጽሑፉን ወደ ፌዲቨርስ እንዲልክ ፈቅዷል። አንዳንድ ሰርቨሮች ሜታን አናምንም ብለው ገና ሳይጀምር ዘግተውበታል፤ ሌሎች ክፍት ናቸው። ስለዚህ ሰርቨር ሲመርጡ በስሬድስ ላይ ያሉ ዘመዶችዎን ማግኘት መቻልዎን ይጠይቁ። ብሉስካይ በሌላ ደንብ የሚሠራ፣ በፌብሩዋሪ 2024 ያለ ግብዣ ለሁሉም የተከፈተ ነው። የራስዎን ዶሜይን እንደ ስም መጠቀም መቻልዎና ሲዛወሩ ጽሑፍዎን ይዘው መሄድ እንዲችሉ ታስቦ መሠራቱ መልካም ነው፤ ነታንያ ያለችው እኅታችን ያጣችውን የሚያተርፍ አሠራር ነው። የተጠቃሚው አብዛኛው ክፍል ግን አሁንም የሚኖረው አንድ ኩባንያ በሚያንቀሳቅሰው ቤት ውስጥ ነው። ኖስተር የሚባለውን ሌላ ያልተማከለ መድረክ ግን አልመክርዎትም፤ ማንነትዎ አንድ ረጅም ቁልፍ ብቻ ስለሆነ ከጠፋብዎ የሚመልስልዎ የለም።

አዲስ ገቢ — ሐዋሳ

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ሠላሳ ስምንት ሰዎችና ሰባት ሃሽታግ እከተላለሁ፤ ገጼ አሁን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስቀምጠኛል። የጓደኛዬ ጽሑፎችም መምጣት ጀምረዋል። ራሴን ያስተዋወቅሁበት ጽሑፍ ላይ የሐይቁን ፎቶ ከመግለጫው ጋር ለጥፌ ከአምስት አገር ሰው ሰላም አለኝ።

ለሰርቨሬ አስተዳዳሪ የእናንተን ጥያቄዎች በእንግሊዝኛ ጽፌ ልኬለት ነበር፤ በማግሥቱ በዝርዝር መለሰልኝ። ሰርቨሩን የሚጠብቀው ብቻውን ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ከደመወዙ ነው፤ ቢታመም የሚተካው የለም፤ አማርኛ የሚያነብ የለም። አሥራ አንድ አባላት በአማርኛ እንደሚጽፉ ግን ነግሮኛል፤ እኔ አንዳቸውንም አላውቃቸውም ነበር። የአማርኛ ሪፖርት ሲመጣ እንዳነብለት ጠይቄው ፈቅዷል። ለአሥራ አንዱም የጥሪ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ጋሼ ጸሐፊ፣ የእድራችሁን መተዳደሪያ ደንብ ቅጂ ቢልኩልኝ ከየትኛው አንቀጽ እንደምጀምር ባየሁት ነበር።

የእድር ጸሐፊ — ጉለሌ

ልጄ፣ ነገ ጠዋት አስተይቤ እልክልሻለሁ። አሥራ አራት ገጽ ነው፤ ስለ ገንዘብ አያያዝ ከሚለው ክፍል ጀምሪ። በፎቶ አንስቼ ልልከው ነበር፤ ባሕር ዳር ያለው ወንድማችን እንዲሰማው ብዬ ነው የማስተይበው።